ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም

ሊዲን የተውናት በአሮጌው ስታዲየም በር ላይ ነበር፤ ስልኳን ጨብጣ፣ እንባዋን በአዳማ አቧራ እያሳበበች። ከፍቅረኛዋ ከጉቱ የመጣላት የመጨረሻ መልእክት አንድ መስመር ብቻ ነበረች። «ይህን ሆቴል ስትነድፊ አባቴ የት እንዲያድር አስበሽ ነበር?» ከዚያ ወዲህ ጉቱ ስልክ አያነሳም፣ በሰፈሯም አያልፍም።

እውነት ለመናገር ልጁ ቢቆጣ አይፈረድበትም። በስታዲየሙ በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሆቴል ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ በደማቅ ፊደል «አርክቴክት ሊዲያ ተክለሃይማኖት» ይላል። ሆቴሉ የሚቆመው ስታዲየሙ ሲፈርስ ነው። ስታዲየሙ ሲፈርስ በጥላ ፎቁ ሥር ያለችው የዘበኛ ክፍልም አብራ ትሄዳለች። ጉቱ የተወለደው በዚያች ክፍል ነው። አባቱ ኦቦ ገርባ ጨዋታ ከቆመ፣ ሜዳውም የፍየል መዋያ ከሆነ በኋላ እንኳ ዛሬም ጧት በሩን ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። ልጃቸው የስፖርት መምህር ሆኖ በዚያው በአረም በተዋጠ መም ላይ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሩጫ ያሠለጥናል። እሷ የታዋቂው ነጋዴ የአቶ ተክለሃይማኖት ልጅ፣ እሱ የዘበኛው ልጅ፤ ከተማው ገና ከጅምሩ «አይሆንም» ያለው ፍቅር ነበር።

ሊዲ ግን ያንን ሆቴል አልነደፈችውም። እሷ ለአባቷ ያሳየችው ሌላ ንድፍ ነበር። አባቷ አንዴ ገለጥ አድርገው «ቆንጆ ነው» አሉና ሥራውን ለአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሰጡ። ስሟን ባነሩ ላይ ያየችው ጉቱ ባየበት ዕለት ነው። ይህን ለማስረዳት ያልሞከረችው የለም፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። ሰኞ ዕለት የከተማው ምክር ቤት ተሰብስቦ ስታዲየሙ በቅርስነት ይጠበቅ ወይስ ይፍረስ የሚለውን ይወስናል። ይፍረስ ከተባለ የምታጣው ሜዳ ብቻ እንዳልሆነ ልቧ ያውቀዋል።

እሑድ፣ ልክ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሊዲ ስትከፍት ሦስት አዛውንቶች ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ኦቦ ኢተፋ የድሮው ቡድን አምበል ነበሩ። ሀጂ ኡበይደላ ዛሬ በገበያ ቅመም ይነግዳሉ፤ በዘመናቸው ግን ክንፍ ላይ ሲሮጡ የሚይዛቸው አልነበረም ይባላል። ጋሽ ማስረሻ ተከላካይ ነበሩ፤ የቀኝ ጉልበታቸውን እዚያው ሜዳ ላይ ትተውታል። ሦስቱም «ስታዲየሙ አይፍረስ» ብለው ለምክር ቤቱ ያመለከቱ ሰዎች ናቸው። 

«አካም ጂርቱ፣ ልጄ? አባትሽ አሉ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ።

አቶ ተክለሃይማኖት ከገበታው ተነሥተው እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ። እንግዶቹን ሲያዩ ፊታቸው ጥቁር አለ፤ ቢሆንም የቤት ወግ አይቀርምና ሳሎን አስገቧቸው።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ኦቦ ኢተፋ። ሀጂ፣ ኧረ በሞቴ! ጋሽ ማስረሻ፣ እርስዎ በዚያ ጉልበት…»

«እግዜር ይስጥልን። አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ኢተፋ።

የሽማግሌ ወግ የታወቀ ነው። ለጉዳይ የተላከ ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ወንበር አይነካም። ባለቤቱ «ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ» ይላሉ። ሰምቶ፣ ልቡ እሺ ብሎ ሲያስቀምጣቸው ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አቶ ተክለሃይማኖት ይህን አላጡትም። ግን እሳቸው በንግድ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ድርድር ከመከፈቱ በፊት መዝጋት ይወዳሉ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አባቶቼ፣ ድካማችሁን ላቅልላችሁ። የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ፤ እሱን ግን አትጠይቁኝ። የሜዳው ነገር ነገ ያልቃል። ከሜዳው በቀር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፤ ከዚህ ቤት ባዶ እጃችሁን አትወጡም።»

ሦስቱ አዛውንቶች ተያዩ። ኳስ በእግራቸው ሥር በነበረበት ዘመንም ከማቀበላቸው በፊት እንዲሁ ሳይተያዩ አይቀሩም።

«ከሜዳው በቀር?» አሉ ሀጂ ኡበይደላ፣ ቀስ ብለው።

«ከሜዳው በቀር!»

«የጠየቅነውን ሁሉ?»

«ዘመናይ ትሙት!»

ሚስታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምን አድርጌህ ነው ደግሞ በእንግዳ ፊት የምትገድለኝ?»

ኦቦ ኢተፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እንግዲያውስ ይስሙን። ስለ ሜዳው አልመጣንም። ልጅዎን ሊዲያን ለልጃችን ለጉቱ ገርባ ይስጡን ብለን ነው የመጣነው።»

 ሊዲ ወደ ሽማግሌዎቹ አንድ እርምጃ ተጠጋች። ላከ! ጉቱ ሽማግሌ ላከ! 

«ይሄ ማታለል ነው!» አሉ አባቷ፣ ደም ፊታቸው ላይ ወጥቶ።

«እኛ አፋችንን ሳንከፍት እኮ ነው የማሉት» አሉ ሀጂ በትሕትና።

«የዘበኛ ልጅ! የኔን ልጅ ለ…» አባቷ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ወይዘሮ ዘመናይ ትክ ብለው እያዩአቸው ነበር። በዚያ እይታ ውስጥ ሊዲ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ አባቷ ግን አውቀውት አንገታቸውን ሰበሩ።

በደስታዋ መሐል አንድ ጥርጣሬ ብርድ ሆኖ ገባባት። «ኦቦ ኢተፋ፣ ዛሬ የላካችሁ ጉቱ ነው?»

ሽማግሌው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። መዋሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ። «ባነሩ ሳይሰቀል ነው የላከን፣ ልጄ። በቀደም መጥቶ ‹ይቅርብኝ፣ ተዉት› ብሎናል። እኛ ግን ተነሥተን ነበር። የተነሣ ሽማግሌ በልጅ ኩርፊያ አይመለስም።»

ሊዲ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ ተሰማት። አንዱ ሳያውቅ ምሎ ይሰጣታል፣ ሌላው አኩርፎ ይመልሳታል። እሷንስ የጠየቃት ማን ነው?  ሻርቧን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«በመሐላ አልሰጥም፣ በኩርፊያም አልቀርም! አልፈልግሽም ካለ ፊቴ ላይ ቆሞ ይበለኝ። አባዬ፣ አንተም ና። የምታስፈርሰውን ቦታ አንዴ ቆመህ እየው።»

«እኔ እዚያ ምን አደርጋለሁ?» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ሊዲ አባቷ ሲፈሩ አይታ አታውቅም።

አቶ ተክለሃይማኖት እንደ ምንም የመኪናቸውን በር ለሽማግሌዎቹ ከፈቱላቸው። ሀጂ ኡበይደላ ወደ ውስጥ አጎንብሰው ለስላሳውን ወንበር አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መኪና ውስጥ መቀመጥም መቀመጥ ነው።»

ምን ይደረግ? ሽማግሌ በእግር እየሄደ ባለቤቱ በመኪና አይከተልም፤ አገር ይታዘባል። ስለዚህ ሁሉም በእግራቸው ወጡ። ሊዲ ከፊት፣ ሦስቱ አዛውንቶች ከኋላዋ፣ አባቷ ኮታቸውን እያስተካከሉ፣ ወይዘሮ ዘመናይ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሁሉም መጨረሻ። ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሣ ፊታቸው ላይ ይበትናል። የባጃጅ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። አንዱማ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይዘው ወዴት ነው? ተገላቢጦሽ ሆነ እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ማስረሻ በየመብራት እንጨቱ ሥር ቆም ይላሉ፤ አንድ ልብስ ሰፊ ወንበር አውጥቶ ሲያቀርብላቸው ግን እባብ እንዳየ ሰው ወንበሩን ሸሽተው አለፉ።

የሊዲ ጓደኛ ሱሃይላ ከፋርማሲዋ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች። «ሊዲ! ምንድነው ጉዱ? ልቅሶ ነው ሠርግ?»

«ገና አላወቅኩም!» አለች ሊዲ ሳትቆም። እውነቷን ነበር። እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም። አልፈልግሽም ቢለኝስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ግን ይህን ያህል ጊዜ ሳታየው ከቆየች በኋላ ለመሰደብም ቢሆን ልታየው ነው፤ ይህ ብቻ እርምጃዋን አፈጠነው።

በስታዲየሙ በር፣ በስሟ ሥር፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ገባች።

ጉቱ እጅጌውን ሰብስቦ ከአባቱ ጋር መሙ ላይ የአረም ሥር እየነቀለ ነበር። አጠገባቸው መስመር የሚያሰምሩበት የኖራ ባልዲ ተቀምጧል። የሰልፉን ድምፅ ሰምቶ ቀና ሲል ዓይኖቻቸው ተገናኙ። ከሳ፤ ጺሙም አድጓል። ያን ሁሉ ቁጣዋን ከቤት ተሸክማ የመጣችው ሊዲ መጀመሪያ ያሰበችው «ምሳውን በልቷል?» የሚለውን ነበር። በራሷ ተናደደች።

«ሽማግሌዎቼን መልሼ ነበር» አለ ጉቱ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ሰብሮ።

«ሰምቻለሁ። እኔን ግን ማን መለሰኝ? እኔ እኮ እዚህ ነኝ፣ ጉቱ!»

«ስምሽ በሩ ላይ ነው፣ ሊዲ። ልጆቹን ይዤ በገባሁ ቁጥር በስምሽ ሥር አልፋለሁ። ‹መምህር፣ ሜዳችንን የምታፈርሰው ሊዲ ናት?› ብለው ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«አልነደፍኩትም!»

«ታዲያ ስምሽን ማን ጻፈው?»

 ከኋላዋ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። «እኔ ነኝ ያጻፍኩት። ልጄ አርክቴክት መሆኗን አገር ይወቅልኝ ብዬ ነው። በልጅ መኩራት ምኑ ነው ጥፋቱ?»

ሊዲ አባቷን አየቻቸው። ሊያስሯት፣ አፏን ሊዘጉ ያደረጉት መስሏት ስንት ሌሊት ተብሰልስላለች። ልባቸው ግን ይህን ያህል የዋህ ነበር። ጉቱ ደግሞ የያዘው አረም ከእጁ ወደቀ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ጭጋግ ሲገፈፍ፣ በምትኩ እፍረት ሲተካ ታያት።

«አንድ ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ራሱን አቋረጠ። «አንድ ጊዜ ብጠይቅሽ ኖሮ።»

  ሊዲ የኖራውን ባልዲ አንጠልጥላ ወደ ሜዳው መሐል ሮጠች። ኖራውን እያንጠባጠበች ረጅም ነጭ መስመር አሰመረች፣ ታጠፈች፣ ሌላ አሰመረች። ጫማዋም ቀሚሷም ነጭ ሆነ።

«አባዬ፣ የኔ ንድፍ ይኸውልህ! ሆቴሉ እዚህ፣ ከዚህ መስመር ወዲያ፣ በምሥራቁ በኩል ይቆማል። የምሥራቁ የተመልካች ደረጃ መፍረስ አለበት፤ መሬቱ ከሥሩ ተከፍቷል፣ ግንቡም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ቅርስ ነው ብዬ ሰው አላስጨርስበትም። ጥላ ፎቁ ግን ድንጋዩ ከድንጋይ እንደተያያዘ ነው፤ እሱና መሙ ይቀራሉ። እንግዳህ ጧት መስኮቱን ሲከፍት የጉቱ ልጆች ሲሮጡ ያያል። ኦቦ ገርባም በራቸውን በጧት እንደ ለመዱት ይከፍታሉ!»

ኦቦ ገርባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ገለቶሚ፣ ልጄ» አሉ፣ ከምስጋና ሌላ ቃል ጠፍቷቸው።

ጉቱ ወደ ምሥራቁ ደረጃ አየ። «አንቺን መጀመሪያ ያየሁሽ እዚያ ነው። ያንን ስንጥቅ ስትስዪ፣ እርሳስሽን ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ።»

«አውቃለሁ» አለች ሊዲ። «እኔም ይፍረስ ያልኩት ረስቼው አይደለም።»

 «ይፍረስ» አለ ጉቱ ቀስ ብሎ። «አንቺ መፍረስ አለበት ካልሽ ይፍረስ።» ሊዲ በሕይወቷ ከሰማችው የፍቅር ቃል ሁሉ ይህ በለጠባት።

አቶ ተክለሃይማኖት ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። «እዚህ ስንት ዘመን ጨዋታ የለም። ፍየል ይውልበታል፣ ሌባ ያድርበታል። ከተማው ሥራ ይፈልጋል፣ አልጋ ይፈልጋል። ሆቴልና አሮጌ ደረጃ ጎን ለጎን! ይሄ የጥላ ፎቅ ደረጃም መሄድ አለበት አልኩ!»

«ለምን፣ አባዬ? ድንጋዩ ምን በደለህ? ለምንድነው ይህን ደረጃ ብቻ ቀና ብለህ የማታየው?»

 መልሱ የመጣው ከአባቷ ሳይሆን ከላይ ነው።

«ብርቱካን! አንተ ብርቱካን! ወደዚህ!»

ወይዘሮ ዘመናይ ነበሩ። ማንም ሳያያቸው ጥላ ፎቁን ወጥተው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን እያውለበለቡ እንደ ኮረዳ ይጣራሉ።

አቶ ተክለሃይማኖት ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ጫማቸው አዩ፤ ግን ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ሊዲ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት። በቤታቸው ማንጎ ይገባል፣ ሙዝ ይገባል፣ ፓፓያ ይገባል፤ ብርቱካን ግን ገብቶ አያውቅም። አባቷ ሽታውን አልወደውም ይላሉ።

«እማዬ፣ ምንድነው?»

«አባትሽ ነዋ! ከመርቲ የመጣ ብርቱካን በቅርጫት ተሸክሞ በዚህ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውል ነበር። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ስታዲየሙ በሙሉ ‹ብርቱካን!› እያለ ነው የሚጠራው። እኔም ጨዋታው መች ገብቶኝ! ብርቱካን ልገዛ ነበር የምመጣው።»

«ዘመናይ፣ ተይ እባክሽ» አሉ አባቷ፣ በሊዲ ፊት ማነስ ከብዷቸው። «ስንት ዓመት ሠርቼ ነው ያንን ስም ያስረሳሁት! ይሄ ደረጃ ሲሄድ አብሮ ይሄድልኛል ብዬ ነበር።»

«እኔ ያገባሁት እኮ ብርቱካንን ነው! አባቴ ‹ለቅርጫት ተሸካሚ ልጄን አልሰጥም› ሲል፣ ላንተ ሽማግሌ ሆኖ ደጃችን ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ የቆመው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ማስረሻ። «ከአምበሉ ጋር። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበር።»

«ሆቴሉን በስሜ ልትሰይመው እንዳሰብክ ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘመናይ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ። «ስሜን የምትወደው ከሆነ፣ የወደድኩህን ቦታ አታፍርስብኝ፣ ተክሌ።»

ሊዲ አባቷ ሲራመዱ አየች። ቀስ ብለው ወደ ጥላ ፎቁ ሄዱ፤ እጃቸውን ቀዩ ድንጋይ ላይ አሳረፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ልትሮጥላቸው ፈለገች፤ ጉቱ ግን ክንዷን በቀስታ ያዛት። ያ ንክኪ ሰውነቷን በሙሉ አሞቀው።

አባቷ ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ና ወዲህ፣ አንተ ልጅ» አሉት ጉቱን። «አንዴ ላከን ይላሉ፣ አንዴ ተዉት አለን ይላሉ። ከራስህ አፍ ልስማ። ልጄን ትፈልጋታለህ?»

«ጋሼ፣ ሽማግሌዎቼን የመለስኳቸው ስላልፈለግኳት አይደለም። እርስዎ ሲከለክሉኝ ከምሰማ ራሴን ብከለክል ይሻለኛል ብዬ ነው። ፈርቼ ነው።» ወደ ሊዲ ዞረ። «እፈልግሻለሁ። ሁሉም ይስማ፤ እፈልግሻለሁ! ይቅር በይኝ።»

«እሱን አስብበታለሁ» አለች ሊዲ፣ እንባዋ እየወረደ። «አንተ ብቻ ስልክ ስደውል አንሣ!»

ሀጂ ኡበይደላ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጋሽ ማስረሻ ግን መሳቅም አቅቷቸዋል፤ ከዘራቸው ላይ ተንጠልጥለው እግራቸው ይርዳል፣ ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሏል። አቶ ተክለሃይማኖት አዩአቸው። ለዚያ ሁሉ ዘመን ያላዩአቸውን ያህል አዩአቸው። ከዚያም ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ የመጀመሪያውን ደረጃ አቧራ በገዛ እጃቸው ጠረጉ።

«በሉ፣ አባቶቼ። ተቀመጡ።»

«የት?» አሉ ኦቦ ኢተፋ። አምበል ናቸውና ነገር ሳይጣራ አያልፉም።

«እዚሁ። እዚሁ ደረጃ ላይ። ነገ ምክር ቤቱ ፊት እኔው ራሴ የልጄን ንድፍ ይዤ እቆማለሁ። እናንተ ዛሬ ተቀመጡልኝ።»

መጀመሪያ የተቀመጡት ጋሽ ማስረሻ ነበሩ፤ ከረጅም ትንፋሽ ጋር፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ቀጥሎ ሀጂ፣ ቀጥሎ ኦቦ ኢተፋ። ወይዘሮ ዘመናይ ከላይ እልል አሉ፤ ከበሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ተቀበላቸው። አፈር የለበሰው የጉቱ እጅ በኖራ የነጣውን የሊዲን እጅ ፈልጎ አገኘው። ሊዲ በሕይወቷ እንዲህ እየሳቀች አልቅሳ አታውቅም ነበር።